የማስታወቂያው ጀርባ፦ ቀኑ ተቆርጦ የወደቀ የ1972 የግላም ሮክ ማስታወቂያ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ

ይሄን የምፅፈው የድሮ የሙዚቃ ማስታወቂያ ኦንላይን ለሚሸጡም ለሚገዙም ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው በየጊዜው ይመጣል፣ ይሄ ገፅ ኦሪጅናል ነው ወይ፣ የመቼስ ነው። እኔ ለንደን ውስጥ ድሮ የታተመ ወረቀት እያየሁ ዕድሜውን መለየት ስራዬ ስለሆነ ብዙ አይነት ገጥሞኛል፣ ይሄኛው ግን ሁለቱንም ጥያቄ አንድ ላይ ይዞ ስለመጣና መልሱ ማንም ካላየው በኩል ስለተገኘ መመዝገብ አለበት ብዬ አሰብኩ። የሰዎቹን ማንነት፣ የጋዜጣውን ስምና ዋጋውን ትቻቸዋለሁ፣ ገዢና ሻጭ እንዳይለዩ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ባለጉዳይዋ ሐበሻ ናት። ቅዳሜና እሁድ ገበያ ላይ የድሮ ፎቶ፣ ካርታና የመፅሔት ገፅ ፍሬም ውስጥ አድርጋ ትሸጣለች፣ ኦንላይንም ሱቅ አላት። ከሌላ ነጋዴ በጅምላ በገዛችው የወረቀት ክምር ውስጥ አንድ ሙሉ ገፅ ማስታወቂያ አገኘች፣ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ «ስታርማን» የሚባለው ነጠላ ዘፈን ማስታወቂያ። ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ የሸክላ ኩባንያው የአርሲኤ ምልክት፣ ከስሩ የሸክላው ቁጥር 2199፣ እና በጣም ባነሰ ፊደል ደሞ ዘፈኑ ያለበት የዚጊ ስታርደስት አልበም ስም። የገፁ ዳር በሶስት በኩል በመቀስ ተስተካክሏል፣ ማለትም የጋዜጣው ስም፣ የገፅ ቁጥሩና ቀኑ የነበሩበት ጠርዝ የለም።

የሸጠላት ነጋዴ «ኤፕሪል 1972፣ ዘፈኑ በወጣ ሳምንት የታተመ» ብሎ ነው የሰጣት። እሷም ያንኑ ቃል ሊስቲንጉ (ኦንላይን ሱቋ ላይ ያለው የሽያጭ መግለጫ) ላይ ፃፈችው።

በዛን ጊዜ ማስታወቂያው ምን ይሰራ ነበር

ገፁን ለማንበብ መጀመሪያ ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1972 እንግሊዝ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሶስት ቻናል ብቻ ነው፣ ፖፕ ሙዚቃ በደንብ የሚታይበት ፕሮግራም ደሞ ሐሙስ ማታ የሚተላለፈው የቢቢሲው ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ ነው፣ ከዛ ውጪ ወጣቱ ማን ምን አወጣ፣ ማን የት ይጫወታል የሚለውን የሚያገኘው በየሳምንቱ ከሚወጡት የሙዚቃ ጋዜጦች ነበር። ሜሎዲ ሜከር ከ1926 ጀምሮ ያለ ነው፣ ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ በ1952 መጥቶ በዛው ዓመት ኖቬምበር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ የነጠላ ዘፈን ቻርት (በሽያጭ የሚወጣ የደረጃ ሰንጠረዥ) ያተመ ነው፣ ሳውንድስ በ1970 ተጨመረ፣ ዲስክ እና ሬከርድ ሚረር የሚባሉም ነበሩ። አምስቱም አንባቢ ነበራቸው፣ የሙዚቃ ኩባንያዎቹም ገንዘብ ይዘው ወደነሱ ነው የሚሄዱት።

የግላም (ብልጭልጭ ልብስና ሜካፕ ያለበት የሮክ አይነት) ዘመን ደሞ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በማርች 1971 የቲ ሬክሱ ማርክ ቦላን ዓይኑ ስር ብልጭልጭ ተቀብቶ ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ ላይ «ሆት ላቭ»ን ተጫወተ፣ ዘፈኑም ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ ከዛ በኋላ ስሌድ፣ ስዊት፣ ሮክሲ ሚዩዚክ ተከታተሉ። ከዛ በፊት የነበሩት የሮክ ባንዶች ጂንስ ለብሰው ፊታቸውን በፀጉራቸው ሸፍነው ነበር ፎቶ የሚነሱት፣ እነዚህኞቹ ግን ፊታቸው፣ ልብሳቸውና ጫማቸው ራሱ የስራቸው ግማሽ ስለሆነ አንድ ትልቅ ፎቶ ያለበት ገፅ ብዙ ይሰራላቸዋል። ገፁ ላይ ብዙ ፅሁፍ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ሁሌም አለ፣ የሸክላው ቁጥር። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው፣ ግን ማስታወቂያው ለሁለት ሰው ነው የሚናገረው፣ ለሚወደው ልጅ እና ለሸክላ ሱቁ ባለቤት። ልጁ ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ ባለሱቁ ከኩባንያው የሚያዘው በቁጥሩ ስለሆነ ቁጥሩ ገፁ ላይ ካልተፃፈ ግማሹ ስራ አልተሰራም ማለት ነው።

ቦዊ በዛን ሰዓት የት እንደነበረም ማስታወስ ጥሩ ነው። በ1969 «ስፔስ ኦዲቲ» አምስተኛ ደርሶለት ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ቻርት የገባ ዘፈን አልነበረውም። በ1971 ከአርሲኤ ጋር ተፈራረመ፣ አዲሱ አልበም ሊያልቅ ሲል ከኩባንያው በኩል ለብቻው ነጠላ ሆኖ ሊወጣ የሚችል ዘፈን የለውም ተባለና «ስታርማን» በፌብሩዋሪ 1972 መጀመሪያ ሶሆ ውስጥ ትራይደንት ስቱዲዮ ተቀዳ፣ አልበሙ ውስጥ ሊገባ የነበረውን የቸክ ቤሪ ዘፈን አስወጥቶ እሱ ገባ። ነጠላው በኤፕሪል 28 ወጣ፣ ጀርባው ላይ «ሰፍራጄት ሲቲ» ነበር። እና ወዲያው አልተነሳም። ይሄ ነጥብ ለጉዳያችን ዋናው ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ

ገፁን አንድ ሰብሳቢ ገዛው፣ ከፈለ፣ ከዛ ገፁ በፖስታ ከመላኩ በፊት ሁለት ጥያቄ ፃፈላት። አንደኛ፣ ይሄ ምስል በየቦታው በፖስተር መልክ ይሸጣል፣ ያንቺ ከጋዜጣ የወጣ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለሽ? ሁለተኛ፣ ቀኑ ገፁ ላይ ከሌለ ኤፕሪል መሆኑን በምን አወቅሽ? ካላረጋገጥሽልኝ ገንዘቤን መልሺ አለ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። ቦዊ በጃንዋሪ 2016 ካረፈ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል፣ ፈላጊ ሲበዛ ደሞ ስካን ተደርጎ እንደገና የታተመው ይበዛል፣ ስለዚህ ገዢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ህጉም አለ። እንግሊዝ ውስጥ በ2015ቱ የሸማቾች መብት ህግ መሰረት ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ከሰጠው መግለጫ ጋር መገናኘት አለበት። «ኤፕሪል 1972» ብለህ ከፃፍክ ኤፕሪል መሆን አለበት፣ «ነጋዴው ነግሮኝ ነው» ማለት አያድንም።

እሷ ወደኔ ስትመጣ መጀመሪያ ያለችኝ «ወንድሜ፣ ሽያጩ ቢቀር ይቅር፣ ግን ውሸት ፅፌ ከሆነ ልወቀው» ነው። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ጋር መስራት ይቀላል፣ ምክንያቱም የምትፈልገው መልስ አስቀድሞ አልተወሰነም።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሰራው

እኔ ጋር ከመምጣቷ በፊት የራሷን ሙከራ አድርጋ ነበር፣ እሱንም መመዝገብ ተገቢ ነው ምክንያቱም ሁሉም ሰው ከነዚሁ ነው የሚጀምረው።

በምስል ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ፈለገች፣ የመጣላት በሙሉ ፖስተር፣ ቲሸርት፣ የስልክ ከቨር ነው፣ ከነዛ ውስጥ አንዱም የመጀመሪያው ገፅ የት እንደታተመ አይናገርም። ከዛ የሰብሳቢዎች ግሩፕ ላይ ፎቶውን ለጠፈችና ጠየቀች፣ መልሱ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ «አዎ ኦሪጅናል ነው ቀለሙ ያስታውቃል» አለ፣ ግማሹ «ሻይ ውስጥ የተነከረ ነው» አለ፣ ሁለቱም ወገን ወረቀቱን በእጁ አልያዘውም። የወረቀቱ ቢጫነትና ሽታው ላይ ብዙ ክርክር ነበር። እኔ ሽታ ላይ ምንም እምነት የለኝም፣ እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክረምት ያሳለፈ አዲስ ወረቀትም የድሮ ይሸታል።

የሸክላው ቁጥርም ብቻውን አልጠቀመም። አርሲኤ ቁጥሩን እየጨመረ ስለሚሄድ (ስታርማን 2199፣ በሴፕቴምበር የወጣው «ጆን አይም ኦንሊ ዳንሲንግ» 2263፣ በኖቬምበር የወጣው «ዘ ጂን ጂኒ» 2302) ገፁ ከ1972 ፀደይ (ከማርች እስከ ሜይ) በፊት ሊሆን እንደማይችል ይነግርሃል። ግን ወለሉን እንጂ ጣራውን አይነግርህም፣ ዘፈኑ እስከተሸጠ ድረስ ያው ቁጥር ነው ማስታወቂያው ላይ የሚቀመጠው። ሐሰተኛውም ስካን ሲያደርግ ቁጥሩ አብሮ ይመጣል።

አልትራቫዮሌት መብራትም ነበራት፣ ገንዘብ የሚመረመርበት አይነት ትንሿን። ገፁን ጨለማ ውስጥ ስታየው አልበራም፣ ደብዛዛ ሆኖ ነው የቀረው። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ የአሁን ነጭ የቢሮ ወረቀት ውስጥ ያለው ማንጫ ኬሚካል በዛ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፣ የጋዜጣ ወረቀት ግን ያ ኬሚካል አይገባበትም። ግን የሚያስረዳው ወረቀቱ የቢሮ ወረቀት አለመሆኑን ብቻ ነው። ዛሬም የሚታተም የጋዜጣ ወረቀት አለ፣ እሱም አይበራም።

በሌንስ ሲታይ

እኔ የጀመርኩት ከአስር እጥፍ ሌንስ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ወርቅ ሰሪዎች የሚይዙት አይነት። መጀመሪያ የማየው ፎቶውን አይደለም፣ ፊደሉን ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ በጋዜጣ ህትመት ፎቶ በነጥብ ነው የሚሰራው፣ በዛን ዘመን ጋዜጣ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ65 እስከ 85 የሚሆን የነጥብ መስመር አካባቢ ነው፣ ቀረብ ብለህ ስታየው በዓይንህም ይታያል። ፊደል ግን ነጥብ የለውም፣ ሙሉ ጥቁር ቀለም ነው፣ ጠርዙ ደሞ ወረቀቱ ውስጥ ትንሽ ሰርጎ ይገባል። አሁን አንድ ሰው ያንን ገፅ ስካን አድርጎ በኢንክጄት ወይም በሌዘር ሲያትመው ማሽኑ ፊደሉንም ፎቶውንም እንደ አንድ ምስል ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ፊደሉም በጥቃቅን ነጥብ ተሰርቶ ይወጣል፣ ጠርዙ ይሸራረፋል፣ በቀለም ፕሪንተር ከሆነ ጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ፍንጣቂ ታያለህ። ፎቶው ደሞ ነጥብ በነጥብ ላይ ይደረብበትና ውሃ ላይ ያለ ሞገድ የመሰለ ጥለት ያመጣል።

የሷ ገፅ ላይ የሸክላው ቁጥር ውስጥ ያሉት ሁለቱ 9ኞች ጭራቸው ሙሉ ጥቁር ነው። በጣም ትንሹ ፅሁፍ፣ የአልበሙ ስም ያለበት መስመር፣ እዛም ላይ አንድም ነጥብ የለም። አንደኛው ፊደል ውስጥ ቀለም ሞልቶ ቀዳዳውን ዘግቶታል፣ ይሄ ፈጣን የጋዜጣ ማሽን ላይ የሚሆን ነገር ነው። ፎቶው ላይ ነጥቦቹ ክብ ክብ ሆነው በቀጥታ መስመር ይሄዳሉ፣ ሞገድ የለም።

ቀጥሎ ቢጫነቱ። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ተፈጭቶ ስለሚሰራ ውስጡ የሚቀረው ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲነካው ይቀየራል፣ ስለዚህ አየር የሚያገኘው ቦታ ነው ቀድሞ የሚጠቁረው፣ ዳሩና የታጠፈበት መስመር፣ መሀሉ ፈዘዝ ብሎ ይቀራል። ሻይ ወይም ቡና የተቀባ ግን እኩል ነው ወይም ጎርፍ የሄደበት የሚመስል ጠርዝ ይተዋል። እሷ ጋር ያለው መሀሉ ላይ በአግድም የታጠፈበት መስመር ጠቁሯል፣ ጋዜጣው ለሁለት ታጥፎ ነበር የተቀመጠው ማለት ነው፣ ሶስቱ ዳር ደሞ መሆን ከሚገባቸው በላይ ነጭ ናቸው፣ በቅርብ የተቆረጡ ስለሆኑ። አራተኛው ዳር ብቻ ነው የጠቆረው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር፣ ምክንያቱም ገፁ አብዛኛውን ዕድሜውን ሙሉ ጋዜጣ ውስጥ ሆኖ እንዳሳለፈና በቅርብ ጊዜ ለሽያጭ እንደተቆረጠ ያሳያል።

እዚህ ላይ የግል አቋሜን ልናገር። ሙሉ ሆኖ የቆየ ጋዜጣን አርዶ ገፅ በገፅ መሸጥ ጥፋት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ላይ የነበረ ነገር ሲበተን መጀመሪያ የሚጠፋው ቀኑ ነው፣ የዚህም ጉዳይ ምንጭ ሌላ ሳይሆን አንድ ሰው ፍሬም ውስጥ እንዲያምር ብሎ የቆረጠው አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ጠርዝ ነው።

ጀርባው

ኦሪጅናልነቱ በዚህ ደረጃ ሲያሳምነኝ ቀኑ ቀረ። ገፁን ገለበጥኩት። ባለሱቋ ጀርባውን ያየችው አንዴ ነው፣ «ዝም ብሎ ዝርዝር ነው» ብላ ፍሬሙ ውስጥ በካርቶን ሸፍናው ነበር።

ዝርዝሩ ግን ከፊቱ የበለጠ ይናገራል። ምክንያቱን ላስረዳ። ኩባንያው አንድ ማስታወቂያ ሲያሰራ ያንኑ ዲዛይን ለተለያዩ ጋዜጦች ይልከዋል፣ ለተከታታይ ሳምንትም ሊደግመው ይችላል፣ ስለዚህ አንድ አይነት ፊት ያለው ገፅ በተለያየ ጋዜጣና በተለያየ ቀን ሊኖር ይችላል። ጀርባው ግን የዛ ጋዜጣ የዛ ሳምንት ብቻ ነው። የዛን ሳምንት የክለብ ፕሮግራም የሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያትመውም። ሐሰተኛ ሰሪውም ጀርባ ላይ አይደክምም፣ አብዛኛው ሪፕሪንት (እንደገና የታተመ) ጀርባው ባዶ ነው።

ጀርባው ላይ የነበረው ግማሹ የክለብና የመጠጥ ቤት የሙዚቃ ፕሮግራም ነው፣ ግማሹ ባንዶች ሙዚቀኛ የሚፈልጉበት ትንንሽ ማስታወቂያ፣ ድራመር ይፈለጋል፣ ቤዝ የሚጫወት የራሱ መኪና ያለው ይመረጣል፣ እንደዚህ። (በነገራችን ላይ እነዚህን ዓምዶች መናቅ አይገባም፣ ሮክሲ ሚዩዚክ ራሱ በ1971 ጊታሪስት የፈለገው ሜሎዲ ሜከር ላይ በወጣ እንዲህ አይነት ማስታወቂያ ነው።) የክለቦቹ ፕሮግራም ላይ ዓመት አልተፃፈም፣ ጋዜጣ ላይ ለዛ ሳምንት ፕሮግራም ዓመት የሚፅፍ የለም፣ ግን የቀኑ ስምና ቁጥሩ አለ፦ ዓርብ ጁላይ 7፣ ቅዳሜ ጁላይ 8፣ እሁድ ጁላይ 9።

በቃ እዚህ ላይ ኤፕሪል ሞተ። ጁላይ 8 ቅዳሜ የሚውለው ደሞ በየዓመቱ አይደለም፣ በዛ አካባቢ በ1967፣ በ1972 እና በ1978 ነው። በ1967 ይሄ ዘፈን አልተሰራም፣ 1978 ደሞ ማስታወቂያው አይፈቅድም፣ የስድስት ዓመት ዘፈን እንደ አዲስ ሙሉ ገፅ ከፍሎ የሚያስተዋውቅ የለም። ስለዚህ የ1972 ጁላይ መጀመሪያ ነው። ቅድም ብቻውን አልጠቀመም ያልኩት ቁጥር እዚህ ጋር ከቀኑ ስም ጋር ሲገጣጠም ሙሉ ስራውን ሰራ።

የአልበሙ ስም ያለበት ትንሿ መስመርም አብራ ትመሰክራለች። የዚጊ ስታርደስት አልበም የወጣበት ቀን ለብዙ ዓመት ጁን 6 እየተባለ በየመፅሐፉ ሲፃፍ ቆይቶ አሁን ተቀባይነት ያለው ጁን 16 ነው። ጁን 6 በ1972 ማክሰኞ ነው፣ ጁን 16 ዓርብ ነው፣ ነጠላው የወጣበት ኤፕሪል 28ም ዓርብ ነበር። የትኛውንም ብትይዝ ማስታወቂያው «አልበሙም አለ» ካለ ከኤፕሪል ጋር አይሄድም።

የመጨረሻው እርምጃ ትክክለኛውን እትም ማግኘት ነበር። የእንግሊዝ የድሮ ጋዜጦች ድሮ ሰሜን ለንደን ኮሊንዴል ነበሩ፣ እዛ ያለው ቤት በ2013 ተዘግቶ ዋናው ክምችት ዮርክሸር ውስጥ ቦስተን ስፓ ወደሚባል ቦታ ሄዷል፣ አንባቢ የሚያየው ግን ሴንት ፓንክራስ ያለው የብሪቲሽ ላይብረሪ የጋዜጣ ክፍል ነው። ላይብረሪው በኦክቶበር 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት አገልግሎቱ ለብዙ ጊዜ ስለተጎዳ ሄዶ ከመጠየቅ በፊት የሚፈልጉት ነገር መኖሩን ማረጋገጥ ጥሩ ነው። ዎርልድ ሬድዮ ሂስትሪ የሚባለው ነፃ ድረ ገፅም ብዙ ስካን የተደረገ የሙዚቃ ጋዜጣ አለው፣ ከቤት ሳይወጡ ለመጀመር እሱ ይሻላል። እኛም ከጁላይ 8 ሳምንት እትሞች ውስጥ ጀርባው በትክክል የሚገጥመውን አገኘነው፣ የድራመር ፈላጊው ማስታወቂያ እዛው ዓምድ ላይ እዛው ቦታ ተቀምጧል። እሱን የሚጠራጠር አይኖርም።

ለምን ጁላይ?

እውነቱ ከሽያጩ ወሬ የተሻለ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው «በወጣ ሳምንት» ያለው ዋጋ እንዲጨምር ነው፣ ግን የዘፈኑን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጁላይን ይመርጣል።

ዘፈኑ ኤፕሪል መጨረሻ ወጥቶ ሜይንም የጁንን ብዙውንም ሳይታወቅ ነው ያለፈው። በጁን 21 ግራናዳ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሚያስተላልፈው የልጆች ፕሮግራም ላይ ታየ፣ ከዛ ቻርት መግባት ጀመረ። ጁላይ 5 ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ ላይ ተቀዳ፣ ጁላይ 6 ሐሙስ ማታ ተላለፈ፣ ቦዊ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ ለብሶ ክንዱን የጊታሪስቱ የሚክ ሮንሰን ትከሻ ላይ ጣል ያደረገበት ያ ትርኢት ማለት ነው፣ በኋላ ሙዚቀኛ የሆኑ ስንት የእንግሊዝ ልጆች ያኔ ነው የተቀየርነው ይላሉ። ዘፈኑ በመጨረሻ አስረኛ ደረሰ። ጁላይ 8 ደሞ ሮያል ፌስቲቫል ሆል ተጫወተ። ገፃችን የዛን ሳምንት ነው።

ባለሱቋ ይሄን ስትሰማ «ከቲቪው በኋላ የወጣ ማስታወቂያ» ብላ ልትፅፍ ነበር፣ እሱን አስቆምኳት። የቅዳሜ ቀን የተፃፈበት ሳምንታዊ ጋዜጣ ከቅዳሜ በፊት ነው ገበያ ላይ የሚወጣው፣ ማስታወቂያው ደሞ ከዛም በፊት ተይዞ፣ ተሰርቶ፣ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነው፣ ስለዚህ ሐሙስ ማታ ለታየው ነገር መልስ ሊሆን አይችልም። ኩባንያው ገንዘቡን ያወጣው ዘፈኑ መነሳት መጀመሩን አይቶ ነው፣ ትርኢቱን ተከትሎ አይደለም። ሊስቲንጉ ላይ በመጨረሻ የገባው «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ ላይ የታየበት ሳምንት እትም» የሚል ነው፣ ያ እውነት ነው፣ ከዛ በላይ መጨመር አያስፈልግም።

ምን ሆነ

ለገዢው ሁሉንም ላከችለት፣ የሌንሱን ፎቶ፣ የጀርባውን ፎቶ፣ የእትሙን ቀን፣ እና ኤፕሪል ያለችው ስህተት መሆኑን በግልፅ ፅፋ ይቅርታ ጠየቀች። ገንዘቡን መውሰድ ከፈለገ እንደምትመልስም ነገረችው። እሱ ግን ገፁን ወሰደ፣ በዛው ዋጋ፣ ጀርባውም እንዲታይ በሁለት በኩል መስታወት ባለው ፍሬም እንድታደርግለት ብቻ ጠየቀ። ፍሬሙ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ፣ ምክንያቱም የጋዜጣ ወረቀት መስታወቱን መንካት የለበትም፣ መሀል ላይ ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን ጠርዝ ያስፈልገዋል፣ መስታወቱም አልትራቫዮሌት የሚከለክል ቢሆን ይመረጣል።

ያልተሳካም ነገር አለ። የመጀመሪያው ነጋዴ ቀሪውን ጋዜጣ የት እንዳደረገው ለማወቅ ሞክራ ነበር፣ ሌሎቹ ገፆች ተሸጠው አልቀዋል፣ ምናልባት እነሱም ያለ ቀን። ያንን እትም መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

አሁን ሱቋ ውስጥ ያላትን የሙዚቃ ገፅ በሙሉ ከፍሬም አውጥታ ጀርባውን ፎቶ አንስታ መዝግባለች፣ ቀኑ ያልተረጋገጠውን «1970ዎቹ» ብላ ብቻ ትፅፋለች። ሽያጭ አልቀነሰባትም።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰደው

ለሚገዙ፦ ፎቶ ስትጠይቁ የፊቱን አይደለም የጀርባውን ጠይቁ። ሻጩ ጀርባውን አላሳይም ካለ ወይም ባዶ ከሆነ ተዉት፣ ጋዜጣ ባዶ ጀርባ የለውም። ከዛ በጣም ትንሹን ፊደል በቅርብ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁ፣ የስልክ ካሜራ ላይ የሌንስ ክሊፕ ቢያደርግበት ይበቃል።

ለሚሸጡ፦ የሰማችሁትንና ያረጋገጣችሁትን ለዩ። ማስታወቂያ ላይ «አሁን ወጥቷል» የሚል ቃል ብታዩም ዘፈኑ የወጣበት ቀን ነው ማለት አይደለም፣ ኩባንያ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው ዘፈኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። ዋጋ የተፃፈበት ከሆነ ደሞ ጥሩ ምስክር ነው፣ በሺሊንግ ከሆነ እንግሊዝ ገንዘቧን ከቀየረችበት ከፌብሩዋሪ 15 1971 በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ቫት የሚል ካለበት ቫት ከጀመረበት ከኤፕሪል 1 1973 በኋላ ነው።

መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁም ከመቁረጣችሁ በፊት የጋዜጣውን ሙሉ ሽፋንና የገፁን ጠርዝ ፎቶ አንሱ፣ ከገፁ ጋር አብራችሁ ሽጡት።

የሀገር ቤት ሸክላ ለሚሰበስቡም ይሄው መንገድ ይሰራል። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ላሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎችም ሆነ በዛን ዘመን ለነበሩ የሙዚቃ ምሽቶች የወጣ ማስታወቂያ ከአማርኛ ጋዜጣ ተቆርጦ እጃችሁ ቢገባ ጀርባው ላይ ያለውን ዜና፣ የፊልም ቤት ፕሮግራም ወይም የጨረታ ቀን ፈልጉ። እዛ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ስለሚሆን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ በአንድ ቀን መሳሳት ቀላል ነው፣ በተለይ ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ባሉት ወራት። የቀኑ ስም ግን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ማረጋገጫ ይሆናችኋል፣ ጁላይ 8 ቀን 1972 ሐምሌ 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፣ በሁለቱም ቅዳሜ።